ታሳቢ የተደረጉት ሚስተር ባዝል

የቶሮአ ወሽመጥ ሰዎች እንዲራባ ብለው ወደ ባሕር የመለሱት ዓሣ ከእነሱ ተወስዶ ለመረብ ጎታች መርከቦች ተሰጥቷል። የወሰደውም የሰጠውም የዓሣ ሀብትን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው። ውሳኔው በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ ሰው ስለ መጎዳቱ የሚናገር አንድም ዐረፍተ ነገር አልተገኘበትም።

ይህን በደል ለማስረዳት ስለ ክቡር ሚስተር ባዝል ትሬጌር መናገር ግድ ይላል፤ ያም ማንም ወዶ የሚገባበት ሥራ አይደለም። ውሃና መንጠቆ ባለበት አገር ሁሉ አንድ ሚስተር ባዝል አይጠፋም። ሌላው ሰው ባሕር ዳር ቆሞ ውሃ ያያል፤ ሚስተር ባዝል አንቀጽ ያያሉ። ሌላው ሰው ዓሣ የሚያጠምደው መንግሥትን ለመርሳት ነው፤ ሚስተር ባዝል ወደ ባሕር የሚወጡት መንግሥትን የሚያቋርጣቸው ሳይኖር ለመክሰስ ነው። ስብሰባ ሊያልቅ ሲል፣ ሰዎች ኮታቸውን ከየወንበሩ አንሥተው ሊወጡ ሲሉ፣ ሚስተር ባዝልም ኮታቸውን ያነሣሉ፤ የእሳቸው ግን የሚለበሰው ሳይሆን የዓሣው ነው። ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው «አጭር ጥያቄ ነበረችኝ» ይላሉ። ይህችን ሐረግ የሰማ የወሽመጡ ሰው ሁሉ ተመልሶ ይቀመጣል። አርቆ አሳቢ የሆነው ደግሞ ወደ ቤቱ ደውሎ እራት እንዳይጠብቁት ይናገራል።

የዚህ ሁሉ ዋና ሰለባ ጎረቤታቸው ታማቲ ነው። ታማቲ ከኦክላንድ በስተሰሜን ባለችው የወሽመጡ መንደር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጡባት የአሉሚኒየም ጀልባም የእሱ ናት። አንድ ሰው መሬት ላይ ሆኖ ከሚስተር ባዝል ሊሸሽ ይችላል፤ የተማሩት መሬት ቅየሳ፣ የጡረታቸው ጊዜ ሰፊ፣ እግራቸው ግን ደካማ ነው። ጀልባ ላይ ግን መሸሻ የለም። ታማቲ በዚያች ጀልባ ላይ ሳይፈልግ የሕግ ትምህርቱን ጨርሷል ማለት ይቻላል። ፋታ የሚያገኘው ዓሣ የሚስተር ባዝልን መንጠቆ ሲጎትት ብቻ ነበር፤ ይኸውም ሁልጊዜ አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሩ ካላለቀ ዓሣው ይጠብቃል።

ጉዳዩ በጀልባ ቢወሰን ኖሮ መልካም ነበር። የታማቲ የእህቱ ልጅ ስታገባ፣ ሚስተር ባዝል በዕድሜያቸው ተከብረው ጽዋ እንዲያነሡ ተጋበዙ። ለሙሽሮቹ ፍቅርንና ጤናን ተመኙ። ከዚያም ወደ ሙሽራው ዞር አሉ፤ አጎቱ በመረብ ጎታች መርከብ ላይ ይሠራ እንደ ነበር ሰምተዋልና፣ አጭር ጥያቄ ነበረቻቸው። ኬኩ ሲቆረስ ሙሽራው ባሕር በዓመት ምን ያህል ዓሣ ቢወሰድባት ሳትጎዳ እንደምትተካ በሚገባ ተረድቶ ነበር፤ ሙሽሪት ግን የት እንደሄደች የሚያውቅ አልነበረም። በሌላ ጊዜ የጥርስ ሐኪማቸው፣ አፋቸው ውስጥ መሣሪያ ከትቶ፣ «ዘንድሮ ዓሣው እንዴት ነው?» ብሎ የመጠየቅ ስሕተት ፈጸመ። መለሱለት። መሣሪያው አላገዳቸውም።

ሚስተር ባዝልን እንቅልፍ የነሣቸው አንድ ቃል ነው። የባሕሩ ዓሣ በየጊዜው ይደለደላል። ነጋዴዎቹ አጥማጆች በሕጉ «ድርሻ» አላቸው፤ ድርሻ ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ለልጅም ይወረሳል። ለራሱ ማዕድ በመንጠቆ የሚያጠምደው ሕዝብ ግን ድርሻ የለውም። እሱ «ታሳቢ ይደረጋል»።

«ድርሻ ያለው ሰው ማዕዱ ላይ ወንበር አለው» ይላሉ ሚስተር ባዝል። «ታሳቢ የተደረገ ሰው ግን በር ላይ ቆሞ ስሙ የተነሣለት ነው።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኖሪን ቃሉን ለቤት አገልግሎት አውለውታል። ሚስተር ባዝል ከስብሰባ አምሽተው በመጡ ቁጥር «ራት ተቀምጦልኛል?» ሲሉ፣ «እንዴታ፣ ታሳቢ ተደርገሃል» ይሏቸዋል። ምድጃውን ይከፍታሉ፤ ባዶ ነው።

በደሉ የጀመረው በመልካም ሥራ ነበር። ያኔ ቀዩ ዓሣ፣ የወሽመጡ ሰው ስናፐር የሚለው፣ ከስንዝር የማያልፍ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሕጉ ለአንድ ሰው በቀን ሰባት ይፈቅዳል። ዓርብ ማታ፣ በአጥማጆች ክበብ የሥጋ ዕጣ በሚወጣበት ሰዓት፣ ሚስተር ባዝል የበግ ወርች ደረሳቸው፤ ወርቹን ሊቀበሉ ወጥተው ድምፅ ማጉያውን ያዙ። ሰባት ቢፈቀድም ሦስት ብቻ እንያዝ፣ ሌላውን በሕይወት እንመልስ አሉ።

መጀመሪያ የተቃወመው ታማቲ ነበር። «አንተ ባዝ፣ ለማን ነው የምንቆጥበው?»

«ለራሳችን።»

«እኛ ስንመልሰው መርከቦቹ ቢያፍሱትስ?»

«የምንመልሰው ዓሣ የእኛው ነው፤ ሲበዛ ለእኛው ይታሰብልናል። ቃሌን እሰጣለሁ።»

«ወርቹን ጨምርበትና እንስማማ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ወርቹን ጨመሩበት፤ ክበቡም ተስማማ። በዚያ ምሽት ከመሥሪያ ቤቱ የተላከ አንድ ሹም በእንግድነት ተገኝቶ ነበር። ቃሉ ሲሰጥ ሰምቷል፤ ቆሞ አጨብጭቧል፤ ከቀረበውም የታጠነ ዓሣ ሁለት ጊዜ አንሥቷል። ይህ እዚህ የሚመዘገበው፣ መሥሪያ ቤቱ ኋላ «አላወቅንም» እንዳይል ነው።

የወሽመጡ ሰዎች ቃላቸውን ጠበቁ። ሰባት እየተፈቀደላቸው ሦስት ይዘው ተመለሱ፤ ትልልቁን እየሳሙ ወደ ውሃው ጣሉት። ዓሣውም ተመለሰ፤ በቁጥርም በቁመትም። ክንድ የሚያህል ስናፐር የጀልባ ማውረጃው አጠገብ ሲታይ፣ ታማቲ እንኳ «ሽማግሌው አንድ ቀን ትክክል ሆነ» ብሎ አመነ። ለሚስተር ባዝል ግን እንዳይነግሯቸው አስጠነቀቀ።

ይህን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚያጠምድ ለማወቅ ቆጣሪ ላከ። ቆጣሪዋ ግሌኒስ የምትባል፣ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰች መልካም ሴት ናት፤ በጀልባ ማውረጃው ታጣፊ ወንበሯን ዘርግታ የተመላሹን ሁሉ የበረዶ ሣጥን ታያለች። እዚህ ላይ ስለ መንጠቆ አጥማጆች የታወቀውን ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ዋሽተዋል። ሁለት የያዘው አምስት ብሏል፤ ያመለጠው ዓሣ በየዓመቱ አንድ ክንድ አድጓል። በታሪካቸው አንድ ጊዜ፣ ውሸታቸው ሊጠቅማቸው በሚችልበት በዚያች ብቸኛ ቀን፣ እውነቱን ተናገሩ። ይባስ ብለው ኮሩበት።

«ሦስት ብቻ!» አላት እያንዳንዱ ደረቱን ነፍቶ። «ሌላውን መልሰናል።»

«የመለሳችሁት አይቆጠርም የኔ ጌታ» አለች ግሌኒስ። «እኔ የማየው ሣጥኑን ነው።»

ውጤቱ በመጣ ጊዜ እንዲህ ይል ነበር፦ የስናፐሩ ቁጥር በሚያስደስት ሁኔታ አገግሟል። የወሽመጡ ሕዝብ ግን እንደ ቀድሞው እንደማያጠምድ በቆጠራ ተረጋግጧል። ስለዚህ ለሕዝቡ የሚደረገው ታሳቢ በቆጠራው ልክ ዝቅ ብሏል፤ በዚህ የተገኘው ትርፍ በነጋዴዎቹ ድርሻ ላይ ተጨምሯል።

ውሳኔውን ሊያስረዳ ልዑክ ወደ ክበቡ መጣ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሚስተር ባዝል ጣታቸውን ቀሰሩ። «አጭር ጥያቄ ነበረችኝ» አሉ፤ ሰውም እንደ ልማዱ ተደላደለ። በዚያ ምሽት ግን ጥያቄዋ በእርግጥ አጭር ነበረች።

«የመለስነው ዓሣ የት ሄደ?»

ልዑኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሡት፣ አመሰግናለሁ። መረጃው የሚያሳየው የዓሣ ፍላጎታችሁ መቀነሱን ነው።»

«ፍላጎታችን አልቀነሰም። እጃችንን ነው የሰበሰብነው።»

«እሱ ይገባኛል። መረጃው ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርግም።»

ይህ መልስ ሊታለፍ አይገባም። ቆጥቦ የተወ ሰውና የማይፈልግ ሰው አንድ ናቸው ማለት ነው። ልዩነቱን የማያውቅ መረጃ አልነበረም፤ ልዩነቱን እንዳያውቅ ተደርጎ የተሰበሰበ መረጃ ነበር። የተመለሰው ዓሣ እንዳይቆጠር የወሰነው ግሌኒስ አይደለችም፤ ዓሣውም አይደለም። የክበቡን ቃል ሰምቶ ያጨበጨበው ያው መሥሪያ ቤት ነው። በነጋዴዎቹ ላይ እንኳ ክስ አይቀርብም፤ የተሰጣቸውን ተቀብለዋል። ክሱ በሰጪው ላይ ነው፦ ሰዎች ያልሰጡትን ንብረት፣ ስለ ደግነታቸው ቅጣት አድርጎ፣ አመስግኖ ወሰደ።

ልዑኩ ሄደ። አባላቱ ቀሩ። የሁሉም ዓይን ሚስተር ባዝል ላይ ነበር፤ ቃል የሰጡት እሳቸው ናቸውና። ማንም አልሰደባቸውም፤ ቢሰድቧቸው በወደዱ።

«ባዝ» አለ ታማቲ ቀስ ብሎ፤ «አሁን ምን እናድርግ? እንደ ወዳጅ ሳይሆን፣ እንደዚያ አንቀጽህ ንገረን።»

ሚስተር ባዝል ተነሡ። «ሕጉ የሚያውቀው የያዘን ሰው ነው» አሉ። «ሰባት ያዙ።» ተቀመጡ።

ከዚህ ቀደም በዚያ አዳራሽ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናግረው ተቀምጠው አያውቁም። አንድ ሰው ውሃ አመጣላቸው። ወይዘሮ ኖሪን ሐኪም ይጠራ እንደሆነ ጠየቁ። ክበቡ እጅ አውጥቶ ሰባት እንዲያዝ ወሰነ፤ ሚስተር ባዝልም ለራሳቸው ምክር እጃቸውን አወጡ።

ከዚያ ወዲህ በጀልባዋ ላይ ጸጥታ ሆነ። ታማቲ ለስንት ዓመት የተመኘው ጸጥታ ነበር፤ ሲያገኘው አልወደደውም። ቅዳሜ መጣ፣ ቅዳሜ ሄደ፤ ሽማግሌው መንጠቆ ጥለው ውሃ ያያሉ። ውሃ ብቻ። ታማቲ ቢቸግረው ራሱ ስለ ኮታ አነሣ፤ ሆን ብሎም አንቀጹን አሳስቶ ጠቀሰ። ሚስተር ባዝል አላረሙትም። ታማቲ የፈራው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቅዳሜ ዓሣው በብዛት ይነክስ ነበር። ታማቲ ሰባቱን ሞላ። ሚስተር ባዝል ሦስት ያዙ፤ አራተኛውን፣ ክንድ የሚያልፈውን፣ መንጠቆውን በጥንቃቄ አውጥተው ውሃ ውስጥ ለቀቁት።

«ሰባት ያዙ ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። ምክሩም ትክክል ነው።»

«ታዲያ?»

«በዚህ ዕድሜዬ ስግብግብነት ልማር ብል አልችልበትም። ሣጥኑም ይከብደኛል።»

ታማቲ ሞተሩን አስነሣ። ጀልባዋን ወደ ማውረጃው ሲያስጠጋ ግሌኒስ ወንበሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ስንት ስንት ያዛችሁ?»

«እኔ ሰባት» አለ ታማቲ። «እሱም ሰባት።»

ግሌኒስ ወደ ሚስተር ባዝል ሣጥን አጎንብሳ አየች። «እዚህ ያለው ሦስት ነው።»

«አራቱን በጥሬው በላቸው። ሽማግሌ ነው፤ ሲርበው አይታገሥም።»

«ሦስት ነው!» አሉ ሚስተር ባዝል።

«አንተ ዝም በል፤ ለራስህ ነው።»

«ሦስት ብለው ይጻፉ፣ እመቤቴ። ይህ ሰው የሐሰት ቃል እየሰጠ ነው!» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ጣታቸውም አብሮ ተቀሰረ። «ታማቲ፣ ለመንግሥት ቆጣሪ ሐሰት መናገር በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስጠይቅ ታውቃለህ? አታውቅም! ደግሞስ ባለፈው የጠቀስከው አንቀጽ የተሻረ መሆኑን ማን ይንገርህ? ዝም ያልኩህ አፍሬልህ ነው። እኛ ራሳችን መረጃውን ካዛባን፣ እነሱ አዛቡት ብለን የምንከስበት አፍ ከየት ይመጣል?»

ግሌኒስ ሦስት ብላ ጻፈች። ታማቲ ጀልባዋን ከመኪናው ኋላ አሰረ፤ ሚስተር ባዝል ከጎኑ ገብተው ወደ ሁለተኛው ነጥባቸው ተሻገሩ። ከማውረጃው ወደ መንደሩ በድልድዩ በኩል ቅርብ ነው። ታማቲ ወደ ድልድዩ ሳይታጠፍ፣ ወሽመጡን ዙሪያውን በሚዞረው መንገድ ነዳ። አላቋረጣቸውም።

አቤቱታው ለመሥሪያ ቤቱ ገብቷል፤ መድረሱም በትሕትና ተገልጿል። ውሳኔው አልተነሣም፤ ከሕዝቡ የተቀነሰውም አልተመለሰም። መርከቦቹ ወሽመጡ አፍ ላይ መረባቸውን ይጎትታሉ።