ዓይን ፈላጊዋ ካሜራ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው። ሰባ ምናምን ዓመት ዝም ብዬ ኖርኩ፤ አንድም ቃል አልነቀዘብኝም። ጎረቤት ሲጣላ ዝም፣ ዳኛ ሲያዳላ ዝም፣ በሬዬ ገደል ሲገባብኝ እንኳ «እንግዲህ» ብዬ ቆዳውን ገፈፍኩ። ይህን ሁሉ ዘመን የተዘጋ አፍ የከፈተችው ከሳሙና ብዙም የማትበልጥ አንዲት ካሜራ ናት። ፊደል ስላልቆጠርኩ ቃሌን ወረቀት ላይ የምታሰፍረው ልጄ ትርንጎ ናት፤ ካሜራዋን ያመጣችብኝም እሷው ናት። ቁጣዬን እንዳታለሰልስብኝ አስምያታለሁ።

እኔ ያነበብኩት ነገር ቢኖር የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ነው። እዚያ አንድ ሕግ አለ፤ የደብረ ታቦር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ጻድቅ ሲሳል ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት ዓይኑን እንደ ስኒ አፍ ከፍቶ ያይሃል። ሰይጣንና ይሁዳ ግን በጎን ነው የሚሳሉት፤ ያላቸው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ዓይን ለዓይን እንዳንገጥማቸው ነው ይላሉ አባቶች። ይህን ያዙልኝ፤ ይፈለጋል።

ትርንጎ አረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ ቤት እከፍታለሁ አለች። ደግ። ባሕር ዳር ወርዳ ይህችን ካሜራ ይዛ መጣች። ነጋዴው እስከ ቅዳሜ ሞክሪያት፣ ካልወደድሻት መልሽ ብሏታል። ለሙከራ ደግሞ ከእኔ ፊት የተሻለ የተሸበሸበ ከየት ይገኛል?

ሦስት ቀን ሙሉ ሙያዋን ስትዘረዝርልኝ ከረመች። የድሮዎቹ ካሜራዎች ሆዳቸው ውስጥ መስተዋት ነበራቸው አለችኝ፤ ከዚህችኛዋ መስተዋቱ ወጥቷል፤ ለዚህ ነው ያነሰችው። ታዲያ ዋጋዋ ቀነሰ ወይ? ብላት፣ የለም፣ ጨምሯል አለች። እንግዲህ ፍረዱኝ። እህሉን አውጥቶ ባዶ ጎተራ በውድ የሚሸጥ ሰው በእኛ አገር ስሙ ምንድን ነው?

ድምፅ የላትም አለችኝ ደግሞ፤ ሰው ሳያውቅ ታነሳዋለች። ይህ ምስጋና ነው ወይስ ክስ?

ሐሰት አልናገርም፤ እጅ ላይ ቀላል ናት፣ ጋቢ ውስጥ ትደበቃለች። በጨለማ ጎጆም ያለ ብልጭታ ታያለች፤ ይህን መስክሬያለሁ። ሆዷ ግን የጥጃ ሆድ ነው። ጧት የጠገበችው ባትሪ ቀትር ላይ ባዶ ነው፤ የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ሲፈልግ የሚመጣ እንግዳ ነው። ከሁሉ የበለጠው ሙያዋ ግን ዓይን ፈላጊነቷ ነው ተባልኩ። «አባባ፣ እኔ እኮ ምንም አልሠራም፤ ራሷ የሰው ዓይን ፈልጋ አጥርታ ትይዛለች» አለች ትርንጎ። እውነትም ሰው ከፊቷ ሲቆም በጀርባዋ ባለው መስኮት ላይ አንዲት አረንጓዴ ሳጥን ብቅ ትልና ዓይኑ ላይ ታርፋለች።

ታዲያ አንተን ምን አጣደፈህ ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴ አምና አረፈች። ፎቶ አልነበራትም። የሌላው ሰው ሟች ለቅሶ ላይ ፊቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ የእኔዋን ነጠላዋን ይዘው ዞሩ። ያን ቀንም ዝም አልኩ። ዛሬ ፊቷን ላስታውስ ስል ቀድሞ የሚመጣብኝ ነጠላው ነው። ታላቅ እህቴ ጠጄ፣ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ፣ በዚያ ለቅሶ እጄን ይዛ «እኔን እንዲህ ፊት አልባ አድርገህ እንዳትሸኘኝ» አለችኝ። ዘንድሮ ታማለች፤ ከመደብ ወርዳ በር ለመድረስ ሰው ትደገፋለች። ካሜራዋ ቅዳሜ ተመላሽ ናት። እህቴም ቀን የቆረጠላት የለም። ስለዚህ ሐሙስ ጧት ትርንጎን አስከትዬ ወደ ጠጄ ቤት፣ ወደ ገሳይ ሄድኩ።

ጠጄ የክት ቀሚሷን ለብሳ መደብ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ግራና ቀኝ መላእክት ቆመዋል። ትርንጎ አነጣጠረች። ሳጥኗ የእህቴን ፊት ዘላ የቀኙ መልአክ ዓይን ላይ ተቀመጠች። ብትመልሳት ወደ ግራው መልአክ ሄደች። የእህቴን ዓይን እርጅናና ጢስ አጥብቦታል፤ ከመልአክ ዓይን ጋር ማን አወዳድሯት? ፎቶውን አየነው። መላእክቱ ጥርት፣ እህቴ ጉም።

ባለ ትልቁን ዓይን እያየ ባለ ትንሹን የሚዘል እኮ በየቢሮው ሞልቶናል! ለዚህ ብለን ከባሕር ዳር እናምጣ?

በእጅ ማስተካከል አይቻልም ወይ? አልኳት። ይቻላል፣ ግን ነጋዴው እንዴት እንደሆነ አልነገረኝም አለች። ያስተማራት ካሜራዋን ማመስገኑን ብቻ ነው። እንግዲያው ሥዕሉን እናውርደው አልኩ። ጠጄ ቀና አለች። «እመቤቴን አውርደህ እኔን ልትሰቅል?» አለች።

ደግፈን ደጅ አወጣናት። ፀሐዩ ሲመታት ዓይኗን ጨፈነች። ሳጥኗ ዓይን አጥታ ግቢውን ስትዞር ጎረቤት ተሰበሰበ፤ የንስሐ አባቷም መጡ። ሁሉም ፎቶ አዋቂ ሆነ። አንዱ ነጠላዋን ከፍ አድርጉላት ይላል፣ አንዱ አገጯን። አንዲት ሴት «እማማ ጠጄ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ!» ብትላት፣ እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «ምን ያስቀኛል? የለቅሶዬ ፎቶ እኮ ነው» አለች። «ይልቅ እናንተ አሁን ሳቁ፤ ያን ቀን ልታለቅሱ ነው።»

ትርንጎ ባትሪው ሊያልቅ ነው አለች። «አባባ፣ እስኪ አጠገባቸው ይቀመጡ፤ ለሁለት ሰው ትታዘዝ እንደሆነ» አለች። ተቀመጥኩ። በቀኜ የቆመው ጎረቤት፣ አያ ደምሌ፣ «ተወው እንግዲህ ወንድሜ» አለኝ። «ለለቅሶው ቀሚሷም ይበቃል።»

ይበቃል አለ!

ወደ እሱ ዞርኩ። «ቀሚስ ፊት አለው ወይ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፁ የእኔ መሆኑን እኔም አላወቅሁትም። ውሻው ተነስቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኝ? ነጋዴውን፣ የወጣውን መስተዋት፣ ያንን ነጠላ፣ የራሴን ዝምታ ሳይቀር አንድ በአንድ ረገምኩ። ስጨርስ ትርንጎ ካሜራዋን ዝቅ አድርጋ «ጠፋች» አለች። አነሳሽ ወይ? ብላት፣ «አንድ ብቻ» አለች። መቼ እንዳነሳች አልሰማሁም። ድምፅ የላትማ!

ባትሪዋን ሻይ ቤት ሰክተን፣ ጠብቀን፣ ጠጄ ዘንድ ተመልሰን አየነው። ጠጄ ወንድሟ ሲጮህ በዕድሜዋ ሰምታ ስለማታውቅ ደንግጣ ዓይኗን በልጥጣዋለች። ሁለቱም ዓይኖቿ እንደ መላእክቱ ጉልህ ብለዋል። የፊቷ መስመር፣ የአንገቷ ንቅሳት፣ ሁሉ ይቆጠራል። እህቴ ናት፤ ራሷ። እንባዬን በጋቢዬ ጠረግሁ።

ከአጠገቧ ደግሞ እኔ አለሁ። በጎን። አፌ ተከፍቷል፣ ጣቴ ተቀስሯል። ዓይኔ አንድ ነው።

የንስሐ አባቷ ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩና ሳል ብቻ ሳሉ። ትርንጎ «አክስቴ፣ በአባባ በኩል ያለውን ልቁረጠው?» ብትል፣ ጠጄ «እንዳትነኪው!» አለች። «ሲጮህ የሰማሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ለእኔ ፊት ብሎ ነው። እንዳለ ይያዝልኝ።»

ሰማችሁ? እግዜር ያቆይልኝና፣ በለቅሶዋ ቀን ያ ፎቶ ከፍ ብሎ ሲዞር ያገሬው ሰው ሁሉ ጻድቋንና ይሁዳን ጎን ለጎን ያያል።

ቅዳሜ ማለዳ ትርንጎ ካሜራዋን በሻርፕ ጠቅልላ ፊቴ ቆመች። «እንግዲህ ይፍረዱ አባባ፤ ልመልሳት ወይስ እኛው ዘንድ ትቅር?» አለችኝ።

ትቅር አልኳት። ሁለተኛውን ዓይኔን ሳትሰጠኝ ወዴት ትሄዳለች?