ከስሜ ጎን ያለችው ኤክስ

በሰባ ዓመትዎ የክፍል አለቃ ስምዎን ከረባሾች ተርታ ጽፎብዎት ያውቃል? አያውቅም? እንግዲያው ሥልጣን ምን እንደሆነ ገና አልገባዎትም። እኔ ስለ ነገሥታትና ስለ መንግሥታት ሳነብ ነው ያረጀሁት፤ የአሥር ዓመቷን ትዕግሥትን የሚያህል ገዢ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ወደ አርባ ምንጭ ተመልሼ፣ የወንድሜ የልጅ ልጅ የምትማርበትን፣ ሲቀላ ያለ የግል ትምህርት ቤት ልጎበኝ ሄድኩ። መምህሩ ከልጅቷ ጋር የኋላ ዴስክ ላይ አስቀመጡኝ። ክፍሉ የጋሞው፣ የወላይታው፣ የኮንሶው፣ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣው ሠራተኛ ልጅ ሁሉ አለበት። ትንሽ ቆይቶ መምህሩ ቢሮ ተጠሩና ጠመኔውን ለአለቃዋ ለትዕግሥት አስረክበው ወጡ። ሕጉ አጭር ነው። ያወራ ስሙ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ከአማርኛ ሌላ ያወራ ደግሞ ከስሙ ጎን ኤክስ ይደረግበታል።

እኔ ምን አውቄ? ይቺ ገዢ የማን ልጅ ናት ብዬ የወንድሜን የልጅ ልጅ በጋሞኛ ጠየቅኳት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ቀና ስል ሰሌዳው «እንግዳዋ» ይላል፤ ከጎኑ ኤክስ።

ክው አልኩ። በስሜ አይደለም፣ በኤክሷ። እንዴት አላውቃት! በልጅነቴ እዚሁ ከተማ የክፍል አለቃ ሳለሁ፣ ከጨንቻ በመጣችው በአስቴር ስም ጎን በየቀኑ አደርጋት የነበረችው እኮ ናት። አስቴር አማርኛ አልነበራትም። በኤክሷ ስትገረፍ ከርማ አንድ ሰኞ ቀረች፤ በዚያው ቀረች። እኔ የእጅ ጽሑፌ ተመስግኖ እስክሪብቶ ተሸለምኩ።

መምህሩ ተመልሰው ሰሌዳውን ሲያዩ እሳቸውም ደነገጡ፤ እሳቸው ግን በስሜ ነው። እንግዳ አዋረድሽ ብለው ትዕግሥትን እዚያው ሻሯት። እንባዋ እየወረደ ጠመኔውን አልለቅም አለች።

«መምህር፣ እማማ እኮ አውርተዋል።»

እውነቷን ነው። ይኼኔ ስማቸው የተጻፈ ሁለት ረባሾች፣ አንዱ ጋሞ አንዱ ወላይታ፣ ሮጠው ወጥተው እርጥብ ሣር ነጭተው መጡና ፊቴ ተንበረከኩ። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ሣር ይዞ የተንበረከከን እምቢ ማለት ነውር ነው። ሽማግሌዎች ጠብ የሚያበርዱበትን ሣር፣ እነዚህ የጻፈቻቸውን አለቃ ከመሻር ሊያድኑበት!

ሣሩን ተቀበልኩ። ትዕግሥት አለቅነቷ ላይ ትቆይ፣ ኤክሷ ግን ከዛሬ ጀምሮ ትቅር አልኩ። መምህሩ እሺ ብለው እጃቸውን እያፋተጉ ጠየቁኝ።

«እንግዲህ ይቅር ብለውናል፣ እማማ?»

አላልኩም። መምህሩን ይቅር አልልም፤ ትምህርት ቤቱንም አልልም። እስክሪብቶ የተሸለመችዋንማ ጭራሽ።