የወይንሸት የቀለበት ልክ

እኛ ሁሉን ነገር በጣት ነው የምንለካው። አረቄ ስናዝዝ «ሁለት ጣት ያህል» እንላለን፤ የጨርቅ ነጋዴውን ሜትር ካላመንነው በስንዝር እንደግመዋለን፤ ቁመቱ አልጥመን ያለውን ሰው ደግሞ «ጣት የምታህል» ብለን እንሸኘዋለን። ታዲያ ይህ ሁሉን የሚለካው ጣት ራሱ ስንት ይሆን ብሎ የጠየቀ አለ? እናንተ ጠይቃችሁ እንደሆነ እንጃ። እኔ እስከ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ አልጠየቅሁም። በጠየቅሁ ጊዜም ትዳሬ ለጥቂት ተረፈ።

የምንኖረው አፍንጮ በር ነው። እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ስለ ልክ እያወራን ይህን ባልናዘዝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ወይንሸት የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ከተጋባን ሃያ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን ምሳ ስታቀርብልኝ የግራ እጇ ጣት ባዶ መሆኑን አየሁ። የጋብቻ ቀለበቷ የለም። መቼ እንደወለቀ አላውቅም፤ ሳምንት ይሁን ዓመት መናገር አልችልም። ባል የሚስቱን እጅ የሚያየው ሳህን ስታቀብለው ነው፤ ያኔም የሚያየው ሳህኑን ነው።

ብጠይቃት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ፈራሁ። «ሰለቸኸኝ» ብትለኝስ? ስለዚህ ለራሴ የሚስማማኝን ምክንያት ፈለግሁና አገኘሁ፤ ጣቷ ወፍሮ ነው! ይህን ምክንያት በጣም ወደድኩት። ለሃያኛ ዓመታችን ሰፋ ያለ አዲስ ቀለበት ገዝቼ ድንገት ላጠልቅላት ወሰንኩ።

ፒያሳ ወረድኩ። ግማሹ ፈርሶ ግማሹ በቀረው ሠፈር መሀል አንድ ወርቅ ቤት አገኘሁና ገባሁ። ባለቤቱ «ልኳ ስንት ነው?» አለኝ። አራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ፋራ እንዳይባል፣ «አላውቅም» አይልም። ትንሿን ጣቴንና አጠገቧ ያለችውን ዘረጋሁና «ከዚህች ወፈር፣ ከዚችኛዋ ቀጠን ያለ» አልኩት። ሰውየው ጣቶቼን ተራ በተራ በትዕግሥት አየና «ጋሼ፣ እቤት ለክተው ይምጡ፤ በክርም ይሆናል» ብሎኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

እቤት እንዴት እንደሚለካ ስልኬን ጠየቅሁት። አንዲት ልጅ ነገሩ ከመጤፍ የማይቆጠር መሆኑን እየሳቀች ታስረዳለች። የማይለጠጥ ክር ጣት ሥር ትጠመጥማለህ፤ የገጠመበትን ምልክት ታደርጋለህ፤ እንዳትሳሳት ሦስት ጊዜ ትለካለህ። ሚስትህ እንዳታውቅ ከፈለግህ ደግሞ ተኝታ ሳለች ነው። ልጅቷ የየት አገር ሰው እንደሆነች አላውቅም፤ አፍንጮ በር እንዳልኖረች ግን አሁን ገብቶኛል።

እሁድ ወይንሸት ከቅዳሴ መልስ ምሳዋን በልታ ሶፋ ላይ ጋደም አለች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ከልብስ መስፊያ ሳጥኗ ጥቁር ክር አውጥቼ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ስለካ ምልክት ማድረግ አቃተኝ፤ በጥቁር ክር ላይ እስክሪብቶ አይታይም። ስለዚህ ቋጠርኩት። ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ሦስት ጊዜ ቋጠርኩ። ሦስቱም ቋጠሮ የየራሱ ቦታ ላይ ስላረፈ አማካዩን እወስዳለሁ ብዬ ተጽናናሁ። ክሩ እንዳይጠፋ በወረቀት ጠቀለልኩት፤ ወርቅ ቤቱ ከሌላ ሰው ልክ ጋር እንዳያቀላቅለው ደግሞ ወረቀቱ ላይ «ወይንሸት፣ ግራ እጅ» ብዬ ጻፍኩና ሱሪዬ ኪስ ከተትኩት። የጻፍኩት የተማሪ ፈተና በማርምበት እስክሪብቶ ነው። ቀይ ነው።

እናንተ ከኔ ቀድማችሁ ሳይገባችሁ አልቀረም። ጥቁር ክር፣ ሦስት ቋጠሮ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ የሚስት ስም። የታወቀ ጠንቋይ ተከፍሎት ቢያዘጋጀው ከዚህ የተሻለ አያደርገውም።

ሰኞ ወይንሸት ሱሪዬን ልታጥብ ኪሴን ፈተሸች። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ሱሪዬ ታጥቦ ተሰጥቶ ሳይ ወረቀቱን ሳሙና በልቶታል ብዬ ነበር። እሷ ግን የቀዳሁላትን ሻይ አልጠጣም አለች። ትራሴን ሳነሳ ረጥቧል፤ ስጠይቃት «ጸበል ነው» አለችኝና ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ ሌላኛው ክፍል ሄደች። በሩን ከውስጥ ስትቀረቅረው ሰማሁ። እሷ እኔን ፈርታ ስትቀረቅር፣ እኔ ሞኙ ደግሞ የቀለበቱ ምስጢር ተገለጠልኝ ብዬ ሆዴ ባባ። በቃ፣ ልትሄድ ነው አልኩ።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ የንስሐ አባታችን ሳሎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ክሩ ተነሥቶ እንዳይሄድ ይመስል መስቀላቸውን ጭነውበታል። ወይንሸት በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ልጄ፣ ይህን ማን ሰጠህ?» አሉኝ።

«ማንም አልሰጠኝም አባ። እኔው ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

መልሱ እንደማያዋጣኝ የገባኝ ወይንሸት ስታማትብ ነው።

«ከማን ተማርከው?»

«ከስልክ።»

አባ ድግምት በስልክ መሰጠት መጀመሩን ገና አልሰሙም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልተናዘዝኩት የለም። ወርቅ ቤቱን፣ ልጅቷን፣ የእሁዱን እንቅልፍ፣ አማካዩን ሳይቀር ዘረገፍኩ። ወደ ወይንሸት ዞርኩና «ቀለበትሽን ከጣትሽ ላይ አጣሁት። ሰልችቼሽ እንደሆነ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ወፍረሽ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ» አልኳት።

እጇን ወደ አንገቷ ሰዳ ማተቧን ከልብሷ ውስጥ አወጣች። ከትንሿ መስቀሏ ጎን ቀለበቱ ተንጠልጥሏል።

«ከሳሁ እንጂ መቼ ወፈርኩ» አለች። «ያኔ ታይፎይድ ታምሜ ስነሣ ጣቴ ላይ አልቆም አለ። ዕቃ ሳጥብ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። እንዳይጠፋ ብዬ እዚህ አሰርኩት። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታያለህ ብዬ» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ማተቧ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ሲል አይቼ አውቃለሁ፤ መስቀሏ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሚስቴ በሽታ አክስቷት ቀለበቷን በአንገቷ ይዛልኝ ስትዞር፣ እኔ ስለ መወፈሯ ሒሳብ እሠራ ነበር። አፈርኩ። አባ መስቀላቸውን አነሱ፤ ክሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ለክሩ ንስሐ የለብህም፤ ስላላየህ ግን ስገድ» ብለውኝ ሄዱ። ሰገድኩ፤ የጉልበቴ ሕመም እስከ ቅዳሜ አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ አብረን ፒያሳ ወረድን። ሰውየው እንደ ቁልፍ በአንድ ላይ የታሰሩ የመለኪያ ቀለበቶች አውጥቶ ሁለቱን ሞከረና «ይህቺ ናት፤ የድሮውን በዚህ ልክ አጠብብላችኋለሁ» አለ። ትንፋሽ ያህል ጊዜ አልወሰደበትም። ከዚያ የኔንም ቀለበት አብሮ ሊያጸዳው እጁን ዘረጋ። ብጎትት አይወጣም፤ ባዞር አይወጣም። ሰውየው ጣቴን አገላብጦ አየና፣ በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ የወፈሩት እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ወይንሸት ለብዙ ጊዜ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀች። ሳሙናና ውኃ መጣ። እጅጌዋን ሰብስባ አንጓዬን በአንድ እጇ ጨብጣ፣ በሌላው ጣቴን ይዛ፣ እያሻሸች ትስብ ጀመር። እጄን እንዲህ አጥብቃ ከያዘችው ስንት ጊዜ እንደሆነው ላስታውስ ብዬ አቃተኝ። ቀለበቱ ላላ ማለት ሲጀምር፣ ቶሎ እንዳይወጣ ጣቴን ትንሽ አጠፍኩት።