ድምፅ ለቀማ በለቅሶ ቤት

(ነገ ምርጫ ነው። ማላኪ ለአውሮፓ ፓርላማ ይወዳደራል። የሚመረጥበት ክልል፣ ሚድላንድስ–ሰሜን ምዕራብ፣ የአየርላንድን ግማሽ ያህላል፤ ቤት ለቤት መዞር የማይታሰብ ነው። ሰው በብዛት የሚገኘው ቀብር ላይ ስለሆነ ምስኪኑ ከቀብር ቀብር ይሮጣል። አሁን ሌይትሪም ውስጥ፣ ከአንድ ለቅሶ ቤት ደጅ፣ የቆመች መኪና ውስጥ ገብቶ እጁን እያሻሸ የእህቱን ባል ፓኪን ይቆጣል።)

ማላኪ፦ ኮፍያህን አውልቅ አልኩህ። ኮፍያ የደፋ ሹፌር ድምፅ ያሳጣል።

ፓኪ፦ ዝናብ እኮ ነው።

ማላኪ፦ ይዝነብብሃ! ለመሆኑ ስለ ምርጫ ምን ታውቃለህ?

ፓኪ፦ ምንም።

ማላኪ፦ እንግዲያው ስማ። ሰው ወረቀቱ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ነው የሚመርጠው። እኔ የምፈልገው አንደኛውን ነው። ለዚህ ብዬ የካውንቲ ምክር ቤት ወንበሬን ትቻለሁ፤ ነገ ከወደቅኩ ባዶ እጄን ቀረሁ።

ፓኪ፦ ታዲያ ግቢው ውስጥ ቀናህ?

ማላኪ፦ ቀናህ ትለኛለህ? እጄ እስኪዝል ጨበጥኩ። ሁሉም እየተሽቀዳደመ እጁን ይዘረጋል።

ፓኪ፦ ሐዘንተኞቹ?

ማላኪ፦ ሌላ ማን ይሆናል? ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ጨዋ ሰዎች።

ፓኪ፦ ያለቅሳሉ?

ማላኪ፦ ፈገግ ይላሉ እንጂ። እኔን ሲያዩ ሐዘኑ ለቀቃቸው።

ፓኪ፦ ስለ ሟቹ ምን አሉህ?

ማላኪ፦ ስሙን እኔኑ ጠየቁኝ። ሐዘን እኮ ያስረሳል።

ፓኪ፦ እህ።

ማላኪ፦ አንዷ ከስላይጎ ካውንቲ የመጣች ሴትማ እጄን ይዛ «አንደኛ ድምፅህን ለኔ» አለችኝ።

ፓኪ፦ አንተስ?

ማላኪ፦ «ያንቺው ነው» አልኳት። ሐዘንተኛ አያስከፉም።

ፓኪ፦ ማላኪ፣ እነዚያ እኮ እንዳንተው ተወዳዳሪዎች ናቸው። ቤተሰቡ ሬሳውን በጓሮ በር ይዞ ከወጣ ቆየ።

ማላኪ፦ (ፊቱ አመድ መስሎ) አንተ በምን አወቅህ?

ፓኪ፦ ተሸክሜ ነዋ። ግቢው ሙሉ ሰው ይጨባበጣል፣ ሬሳ የሚያነሳ ጠፋ።

ማላኪ፦ (ነፍሱ መለስ ብላ) ተሸከምክ? ጎሽ የኔ አንበሳ! ማንን እንምረጥ አላሉህም?

ፓኪ፦ ከቤተሰቡ ሽማግሌ እስከ ምራቶቹ ጠየቁኝ።

ማላኪ፦ የኔን ስም ነገርካቸዋ።

ፓኪ፦ ልናገር ብዬ ነበር። ግን በወዲያኛው ጎን ሬሳውን የተሸከመችው የስላይጎዋ ሴት ናት፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። አፈርኩና ዝም አልኩ። እነሱም እሷን እንመርጣለን አሉ። እኔም።

ማላኪ፦ አንተም? የገዛ እህቴ ባል?

ፓኪ፦ ምን ላድርግ? አንተ ራስህ ቃል ገብተህላት የለ እንዴ። ከዚች መኪና ብቻ ሁለት ድምፅ አገኘች።