እትዬ ወርቄና የዋና መምህሯ

በየሰፈሩ፣ ጡረታ የወጣችበትን ቀን ሰፈሩን ማስተዳደር የጀመረችበት ቀን አድርጋ የምትቆጥር አንዲት ሴት አትጠፋም። መንግሥት "በቃሽ፣ ዕረፊ" ሲላት፣ እሷ ያረፈውን ሰው ሁሉ ልትቀሰቅስ በየበሩ ትዞራለች። በእኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ይህን ሥልጣን የያዙት እትዬ ወርቄ ናቸው፤ ከእኔ ቤት ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖራሉ።

እትዬ ወርቄ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጠዋል። ስለዚህ የሰው ልጅ ለሳቸው በር ላይ ተገትሮ መንገድ የሚዘጋ ፍጡር ነው። "ጠጋ በሉ፣ ውስጥ ባዶ ነው" የሚለው ትእዛዛቸው ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም፣ የሐኪም ወረፋ ላይም ይሠራል። አንድ ጊዜ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሰብሳቢውን ራሱን "ጠጋ በል" ብለውት፣ ሰውዬው ወንበሩን ይዞ ሲጠጋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት "እግር ማፍታቻ" የሚባል የእናቶች ማኅበር አቋቋሙ። ሥራው አንድ ነው፤ በወር አንድ ቅዳሜ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶችን ሰብስቦ በሾፌሩ በሳኒ ሚኒባስ ከቤታቸው ማራቅ። እንጦጦ ወጥተዋል፣ ወንጪ ወርደዋል። አንድ ጊዜም በባቡር ቃሊቲ ድረስ ሄደው ተመልሰዋል። "ቃሊቲ ምን አያችሁ?" ስላቸው "ባቡሩን" አሉኝ። ማኅበሩ ጥብቅ ሕግ አለው፤ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ማውራት የሚቻለው መኪናው ሰንጋ ተራን እስኪያልፍ ብቻ ነው።

እኔ ግን አልገባም አልኩ። ማኅበሩ የአሮጊቶች ነው፤ እኔ ደግሞ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ቢሆንም አሮጊት አይደለሁም። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ልጄ ሌንሳ አግብታ ሐዋሳ ትኖራለች። ከፍርድ ቤት ታይፒስትነት ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ ለጠየቀኝ ሁሉ "ሥራ በዝቶብኛል" እል ነበር። ሥራዬ መጋረጃዬን ገርበብ አድርጌ እናቶቹ እየተደጋገፉ ሚኒባስ ሲሳፈሩ እያየሁ መሳቅ ነበር። አንዳንድ ሳምንት ከደረጃው የምወርደው ቆሻሻ ለመጣል ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ክብርት ሊቀመንበር ምክትላቸውን ወይዘሮ ቢልቂስን አስከትለው በሬን አንኳኩ። ወይዘሮ ቢልቂስ መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ የወሎ ሴት ናቸው፤ ሰው እምቢ ሲላቸው ያልሰሙ መስለው ፈገግ ይላሉ።

"ጊፍቲ፣ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ሐይቅ ልናይ ነው። አብረሽን ትሄጃለሽ" አሉ እትዬ ወርቄ።

"እትዬ ወርቄ፣ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ማየት ለኔ አይሆነኝም" አልኳቸው። "እኔ ውሃ ካየሁ መግባት አለብኝ። በወጣትነቴ ዋናተኛ ነበርኩ።"

ይህ ቃል ከየት እንደወጣ እስከዛሬ አላውቅም። ያደግኩት ግንጪ ነው፤ በቅርበት የማውቀው ትልቁ ውሃ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት የምስክር ቃል ስተይብ ስለኖርኩ፣ ውሸታምን የሚያጋልጠው የሚጨምረው ዝርዝር መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቢሆንም ቀጠልኩ።

"በጀርባዬ ሳይቀር እዋኝ ነበር። ሜዳሊያም ነበረኝ፤ ቤት ስንቀይር ጠፋ።"

እትዬ ወርቄ ትኩር ብለው አዩኝ። ትኬት አለኝ እያለ ኪሱን የሚዳብስ ተሳፋሪ የሚታይበት አስተያየት ነበር። ከዚያ ወደ ምክትላቸው ዞሩ።

"ቢልቂስ፣ ሐይቁ ይቅር። አስተማሪ ከተገኘማ የፍል ውሃ መዋኛ ነው የምንሄደው።"

"ኢንሻአላህ" አሉ ወይዘሮ ቢልቂስ። "እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ መዋኘት ያምረኝ ነበር።"

ሰኞ ጉልበቴን አመመኝ አልኩ፤ ፍል ውሃ ለጉልበት መድኃኒት ነው ተባልኩ። ማክሰኞ ልጄ ልትመጣ ነው አልኩ፤ እትዬ ወርቄ ሐዋሳ ደውለው አነጋገሯትና "ሌንሳ ሰላም ብላሻለች፣ አትመጣም" አሉኝ። ረቡዕ የመዋኛ ልብስ የለኝም አልኩ። ሐሙስ ወይዘሮ ቢልቂስ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ሰማያዊ ቀሚስ አሰፍተው መጡ፤ ለአሥራ አንዳችንም አንድ ዓይነት። ዓርብ ልደታ ማርያም ሄጄ ዝናብ ለመንኩ። ቅዳሜ ሰማዩ አንድ ቁራጭ ደመና አልነበረውም።

መምህር ነሽ ተብዬ ከፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሳኒ ሃምሳውን ያለፈ ጨዋ ሰው ነው። ዱከም ላይ በአክብሮት ጠየቀኝ።

"እትዬ ጊፍቲ፣ ስንት ሜትር ይዋኛሉ?"

"እንደ ውሃው ነው" አልኩት።

ከአዳማ አለፍ ብሎ ያለው ፍል ውሃ ስንደርስ ሰማያዊ ቀሚሳችንን ለብሰን በመዋኛው ዳር ተሰለፍን። ከሩቅ ያየን ሰው የመዘምራን ቡድን ሳንመስለው አልቀረንም። እኔ ስለ ትንፋሽ ንግግር ጀመርኩ። ትንፋሽ እንዴት እንደሚሳብ፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚለቀቅ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁ። ሁሉም መተንፈስ ከጀመሩ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ ግን በትዕግሥት አዳመጡኝ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ቢልቂስ "ገብቶናል፤ አሁን ገብተሽ አሳዪን" አሉኝ።

"ጠጋ በይ፣ ውስጥ ባዶ ነው" አሉ እትዬ ወርቄ።

ወረድኩ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ እግሬን አዳለጠኝና ጠለቅኩ። ቀሚሱ አየር ይዞ ፊቴ ላይ ተገለበጠ፤ ላይና ታቹ ጠፋኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሞትኩ ብዬ አምኜ ነበር። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ግን ሞቱን አይደለም። ይህ የደረሰብኝ ቤቴ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ስንት ቀን ማንም ሳያውቅ እቆይ እንደነበር ነው ያሰብኩት።

አንድ እጅ አንገትጌዬን ይዞ ጎተተኝ። እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን እንኳ ሳይጥሉ ገብተው ነበር።

"ቁሚ" አሉኝ። "ጊፍቲ፣ በእግርሽ ቁሚ።"

ቆምኩ። ውሃው እስከ ወገቤ ነበር።

ዳር ላይ የቀሩት ዘጠኙ ሴቶች አዩኝ። ምነው ተመልሼ ብሰምጥ አልኩ። ወይዘሮ ቢልቂስ "ምን ሆነች?" ብለው ጠየቁ።

"ምንም አልሆነች" አሉ እትዬ ወርቄ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ። "የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ ነው። ሰው ሲሰምጥ መፍጨርጨሩን ይተውና መሬቱን በእግሩ ይፈልግ። ሠርታ አሳየቻችሁ አይደል? በሉ ተራ በተራ ግቡ።"

ገቡ። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ቀሚሳቸው ዙሪያቸውን ተንሳፎ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ቁጭ እያሉ መነሣት ተለማመዱ። ወይዘሮ ቢልቂስ ከሁሉ በለጡ። አራት ሴቶች ደግሞ እየመጡ "መምህር፣ እንዲህ ነው?" አሉኝ። "እንዲያ ነው" አልኳቸው።

ወጥተን ፀሐይ ላይ ስንቀመጥ እትዬ ወርቄን ለብቻቸው አገኘኋቸው። ነጠላቸውን ይጨምቃሉ።

"እትዬ ወርቄ፣ እኔ እኮ ዋና አልችልም።"

"አውቃለሁ። ሌንሳ ነገረችኝ። ገላሽን ስትታጠቢ እንኳ ውሃ ፊትሽ ላይ ሲፈስ ትጮሂያለሽ አሉ።"

"ታዲያ ለምን አላጋለጡኝም?"

"አጋልጬሽ ምን ላተርፍ? በርሽን ዘግተሽ ሌላ ዓመት ልትቀመጪ?" ነጠላውን አራገፉት። "ዓመት ሙሉ በመስኮትሽ ሥር ሳልፍ ቀና እላለሁ። መጋረጃው ሲነቃነቅ፣ ተመስገን፣ ዛሬም ደህና ናት እላለሁ።"

የነጠላቸውን አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው። እሳቸው ቀጠሉ።

"አውቶቡስ ላይ ሳለሁ ትኬት ያልቆረጠውን ሰው ከዓይኑ አውቀው ነበር። አንዳንዱን አላወርደውም። የሚሄድበት ቦታ አለዋ።"

ሠላሳ ሦስት ዓመት የሰው ቃል ስጽፍ ኖሬ፣ ያን ቀን የራሴ አንድ ቃል ጠፋኝ። ጫማቸውን አነሣሁላቸው።

በማኅበሩ መዝገብ ላይ እስከዛሬ "ጊፍቲ፣ የዋና መምህርት" ተብዬ ነው የተጻፍኩት። ሁለተኛው ትምህርት መቼ እንደሆነ በየወሩ እጠየቃለሁ። ትንፋሹን ገና አልጨረስንም እላለሁ።

በዚያን ዕለት ስንመለስ የፊቱን ወንበር ለወይዘሮ ቢልቂስ ለቅቄ ከኋላ ከእትዬ ወርቄ ጎን ተቀመጥኩ። ሞጆን ሳናልፍ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እርጥብ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። ሳኒ ሬዲዮ ሊከፍት ሲል በመስተዋቱ እያየኝ በእጄ ምልክት ከለከልኩት። አቃቂ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ብዙ ቆምን፤ ትከሻዬ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ክንዴ። ልደታ እስክንደርስ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።