ጥድ ካልቆረጣችሁ የሚሉት ኦቦ ተሬፋ

አንድ ነዝናዛ የሌለው የደን ማኅበር ያለ አይመስለኝም። የእኛው ግን የነዝናዞች ሁሉ አለቃ ናቸው። ጭልሞ ደን ዙሪያ ያለን ሰዎች «ዛፍ አትቁረጡ» እየተባልን ስናድግ፣ ክቡር ኦቦ ተሬፋ ብቻ «ቁረጡ!» እያሉ ይዞራሉ።

እንጨት ፈልገው አይደለም። ከልለን ያሳደግነው ጥድ ከመጠጋጋቱ የተነሣ ፀሐይ መሬት አይነካም፤ ከሥሩ ሣርም ቁጥቋጦም የለም። የቀሩት ጥቂት ድኩላዎች የሚቀምሱት ሲያጡ ወጥመድ ወዳለበት የባቄላ ማሳ መውረድ ጀመሩ። «መሐል መሐሉን ቆርጠን ብርሃን እናስገባላቸው» ነው የሰውየው ነገር። ጆሮዋ የተቀደደውን እናት ድኩላማ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» ነው የሚሏት።

ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ምሰሶውን በስንዝር ለክተው «ይሄ ከየትኛው ጥግ ነው የተቆረጠው?» ብለው ሐዘንተኛውን ያፋጥጣሉ። ቸርች ውስጥ «የጸሎት ርእስ ያለው?» ሲባል ቀድመው እጃቸውን ያወጣሉ። «ጌታ ሆይ፣ ማኅበሩ መጥረቢያ እንዲያነሣ ልቡን አራራልን።»

ስብሰባ ላይማ አይቻሉም። «ድኩላ ጥላ አይበላም!» ይላሉ፣ ውይይቱ ስለ ችግኝም ይሁን ስለ ጥበቃ። እኔ መምህር፣ በእሳቸው ኦሮምኛ «ባርሲሳ»፣ እንዲሁም የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። ጥያቄያቸውን ሁልጊዜ ከአጀንዳው ግርጌ «ልዩ ልዩ» ሥር እጽፈዋለሁ። እዚያ ስንደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ከብት ሊያስገባ ሄዷል።

«ባርሲሳ፣ ዛሬስ ደረሰኝ?»

«ለሚቀጥለው፣ ኦቦ ተሬፋ።»

ሦስት ዓመት እንዲህ ስላቸው ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት እናት ድኩላዋ በጎረቤታችን በጌጤነሽ የባቄላ ማሳ ዳር የወጥመድ ሽቦ ውስጥ ገባች። ስደርስ ሞታለች፤ ኦቦ ተሬፋ ተንበርክከው ከአንገቷ ላይ ሽቦውን ይፈታሉ። ሆዷን ዳሰሱት።

«ባዶ ነው፣ ባርሲሳ። ባቄላው እንኳ አልደረሰላትም።»

ሽቦውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጥያቄያቸውን አንደኛ አጀንዳ አደረግኩት። በአሥር ደቂቃ ጸደቀ። ሦስት ዓመት ያጓተትኩት ነገር የፈለገው አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ራሴን ጠላሁት። ባለሙያ መጥቶ የሚቆረጠውን ቀለም ቀባ፣ በጥር ቀጫጭኑ ጥድ ተቆርጦ ወጣ፣ ክረምት ሲገባ ከሥሩ ቁጥቋጦው እስከ ጉልበት በቀለ።

የድኩላ ኮቴ ግን እስካሁን የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አብሬያቸው እገባለሁ። ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፣ መሬት መሬቱን ያያሉ፣ አይናገሩም። ስንቱን ስብሰባ ምነው ዝም ባሉልኝ ስል እንዳልኖርኩ፣ አሁን ዝምታቸው ያስፈራኛል። አጠገቤ እያሉ ይናፍቁኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ድንገት ዞረው ጮኹብኝ።

«እግርህን አንሣ! ምግቧን እኮ ረገጥከው!»

የማንን ብዬ አልጠየቅኩም። ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳቸው።