ንጹሑ ስዊድንኛ

በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ሜዳ ላይ የቆመችውን የስዊድናውያን ሉተራዊት አጥቢያ ታሪክ የሚያወራ ሰው አስቀድሞ ባርኔጣውን ያውልቅ። መሥራች አባቶች ከአገራቸው የወጡት ድንቹ ስለከዳቸው ነበር፤ የአጥቢያዋ ምሥረታ የኢዮቤልዩ በዓል ሲቃረብ ግን ለእምነታቸው ሲሉ መሰደዳቸው ተደርሶበታል። ውቅያኖስ አቋርጠው አዲሱ ዓለም ሲደርሱ የመጀመሪያ ሥራቸው ትተውት የመጡትን የሚመስል ቤተ ክርስቲያን መሥራት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ከሠሩት ኖርዌጃውያን ጋር መኳረፍ ሆነ።

የዚህ ሁሉ ቅርስ ዘብ የሽማግሌዎች ጉባኤ ሊቀመንበር ማግኑስ ሄድሉንድ ነበሩ። በረዶ ስንዴያቸውን ቢያወድም «ይሁን» የሚሉ ሰው ናቸው። መዝሙር በእንግሊዝኛ ሲዘመር ከሰሙ ግን ደማቸው ይፈላል።

ታዲያ ፈተናው ከገዛ ቤታቸው መጣ። ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ኤልቪራ እጮኛዋን፣ የባቡር ጣቢያውን ጸሐፊ ክላረንስን፣ ይዛ ከች አለች።

«አባባ፣ ክላረንስ ስዊድንኛ አይችልም። ቃል ኪዳኑን በእንግሊዝኛ ይግባ።»

«ይማራ!»

«ሠርጉ እኮ ሰኔ ላይ ነው።»

«‹አዎ› ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እሱ ያቅተዋል?»

ክላረንስ ባርኔጣውን እያሻሸ «ጋሼ፣ ምን ተብዬ አዎ እንዳልኩ ልወቅ እንጂ። ላም እየሸጡልኝ ቢሆንስ?» አለ።

«እግዚአብሔር እንግሊዝኛ አይሰማም እንዴ አባባ?»

«ይሰማል። አይመልስም።»

«እንግዲያው ማዶ፣ ኖርዌጃውያኑ ጋ እንጋባለን። እነሱ በእንግሊዝኛም ያጋባሉ።»

ማግኑስን በሰፈሩ ስዊድናውያን ልማድ እንቁላል ተመቶ የገባበት ቡናቸው ትን አላቸው። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ ዘመድ ከኤልቪራ ሌላ የላቸውም። እሷም ማዶ ከተሻገረች ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። ሆኖም መርሕ መርሕ ነውና በሚከተለው ታላቅ ሐሳብ ተገላገሉ፤ ለኢዮቤልዩው ከስቶክሆልም የሚመጡት ሊቅ ዶክተር ዌንስትሮም ይፍረዱ!

«ንጹሑን ስዊድንኛችንን ሰምተው ‹በእንግሊዝኛ ለውጡት› ካሉ እኔ ምን አግዶኝ!» አሉ፣ በልበ ሙሉነት።

በበዓሉ ዕለት ማግኑስ መድረክ ላይ ወጡ። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ከአባታቸው በወረሱት ስዊድንኛ እንዲህ አሉ፦

«የተከበራችሁ ብራዘሮችና ሲስተሮች! ፋዘሮቻችን ይህን ላንድ ሴትል ሲያደርጉ ፋርም አልነበራቸውም፤ ፌንስ አልነበራቸውም። ላንጉጃቸውን ግን ፒዩር አድርገው ኪፕ አደረጉ። እኛም ኔቨር ሚክስ አናደርገውም!»

ምእመናን አለቀሱ። ሊቁ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደግፈው በታላቅ አክብሮት አዳመጡ። ከዚያ ተነሥተው የማግኑስን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና፣ ሁሉም እንዲሰማቸው ረጋ ብለው በስዊድንኛ ተናገሩ፦

«ክቡር ሆይ፣ እንግሊዝኛ ከባድ ነው ሲሉኝ ነበር። የእርስዎ ግን እንዴት ግልጽ ነው! ያለ አስተርጓሚ ግማሹ ገባኝ። አሁን ደግሞ እባክዎ፣ ያንን ንጹሕ ስዊድንኛዎን ያሰሙኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሣቋን በመሐረብ አፈነች። ኤልቪራ ናት።

«አባባ፣» አለች፣ «ዳኛው ፈረዱ።»

የሽማግሌዎች ጉባኤ ወዲያውኑ ምድር ቤት ወርዶ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ሲወጣም የሚከተለውን ውሳኔ በንባብ አሰማ፦ «አጥቢያችን ከምሥረታዋ ጀምሮ ሳታውቀው በእንግሊዝኛ ስታመልክ የኖረች መሆኗ በአገር ቤት ሊቅ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ የአባቶቻችን ቋንቋ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ተቀብለን፣ ከማናቸውም ብረዛ እንዲጠበቅ፣ ጠባቂውም ማግኑስ ሄድሉንድ እንዲሆኑ ወስነናል።»

በማግሥቱ ማግኑስ ክላረንስን አስጠሩት።

«ና፣ ቁጭ በል። ያንተ እንግሊዝኛ ንጹሕ አይደለም። ለቃል ኪዳኑ የኛን ታጠናለህ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አፌን የፈታሁት በእንግሊዝኛ ነው!»

«እሱ ነው ችግሩ። ያገኘኸውን ከመንገድ ለቃቅመህ ነው ያደግኸው።»

ሠርጉ በሰኔ፣ በአባቶች እንግሊዝኛ ተፈጸመ። ክላረንስ ኤልቪራ በክርኗ በጎሸመችው ቁጥር «አዎ» አለ፤ ከተባለው ግን አንድም ቃል አልገባውም።